የላብራቶሪ ሚዛን ሲዋሽ፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ሚዛኑ የማይታመን ቁጥር ሲያሳይ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጫነው የካሊብሬሽን ቁልፉን ነው፤ ሚዛኑን ክብደቱ በታወቀ መመዘኛ ብረት የሚያስተካክለውን። ተው! ሚዛኑ አዘንብሎ ወይም ነፋስ እየመታው ካሊብሬት ከተደረገ ስህተቱን ትክክል አድርጎ ይይዘዋል። ቁልፉ የመጨረሻው ሥራ ነው።

ቁጥሩ አልረጋ ካለ፦ ነፋስን ጠርጥሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ነፋስ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! የመስታወት በሮቹን ዝጉ፣ ሚዛኑን ከመስኮት አርቁ። ሴንትሪፊዩጅ (ናሙና በፍጥነት የሚያሽከረክር መሣሪያ) የሚሠራበት ጠረጴዛም ስለሚንቀጠቀጥ አይሆነውም። መብራት ጠፍቶ ከመጣም ታገሱ፤ 0.1 ሚሊግራም የሚለይ ሚዛን እስኪሞቅ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ አንድ ወገን ከሄደ፦ ሚዛኑን ትታችሁ ናሙናውን እዩ። በ105 ዲግሪ የደረቀ አፈር ከኦቭን ወጥቶ በቀጥታ ከተመዘነ፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ክብደቱ ቀሎ ይታያል። ጠረጴዛ ላይ ይቀዝቅዝ ብትሉ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ዴሲኬተር (እርጥበት የሚመጥ ነገር ያለበት ክዳናም ዕቃ) ውስጥ አቀዝቅዙት። ከፍሪጅ የወጣ ዕቃ በተቃራኒው ጤዛ ይዞ ይከብዳል።

በበጋው ደረቅ ብርድ ሌላም ጣጣ አለ። ዱቄቱ ከማንኪያው ዘሎ ፕላስቲኩ ላይ ከተለጠፈ በመፋተግ የሚከማች ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። በብረት ዕቃ መዝኑ። ከጋውኑ ሥር የደረባችሁት የናይለን ሹራብም የዚሁ ተባባሪ ነው።

ዜሮ አልመለስ ካለ፦ ሳህኑን አንሱ፤ የፈሰሰ ዱቄት ከሥሩ አይጠፋም። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ እንጂ እፍ አትበሉ፤ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

መሃልና ጥግ ላይ የተለያየ ቁጥር ከሰጠ፦ የውሃ ልኩ አረፋ ከክቡ መሃል እስኪገባ እግሮቹን አዙሩ።

ቁጥሩ ረግቶ ግን ሁሌም በተመሳሳይ መጠን ከተሳሳተ፦ ሚዛኑ ቦታ ቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። ደብረ ብርሃን ተስተካክሎ በጣርማበር ቁልቁል ሸዋ ሮቢት የገባ ሚዛን 1,500 ሜትር ገደማ ወርዷል። ዝቅ ሲባል የመሬት ስበት ይጨምራል፤ 100 ግራም የነበረው 30 ሚሊግራም ያህል ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ካሊብሬሽን የሚያስፈልገው ያኔ ነው። መመዘኛ ብረቱን በወረንጦ ያዙት፤ የጣት ወዝም ይመዝናል። ከዚያ በሌላ መመዘኛ ብረት ፈትሹት። አሁንም ከሳተ ውስጡን አትፍቱ፣ ባለሙያ ጥሩ።