ጸሎተኛዋን አያታችንን እንዴት እናስታውሳት? የአንዲት ካቶሊክ እናት የሕይወት ታሪክ አሰባሰብና አጻጻፍ

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከአባቷ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ እገሊት ተወለደች፤ ዕድሜዋ ሲደርስ ትዳር ይዛ ይህን ያህል ልጆች አፈራች፤ ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ ዐረፈች። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ስሟ ቢቀየር የጎረቤቷም ታሪክ ይሆናል። እንደ አያቴ መቁጠሪያ ከእጇ የማይለይ፣ ጭቃና ዝናብ ከቅዳሴ የማያስቀራት እናት ስታርፍ ታሪኳን በጸሎቷ በኩል ገብቶ መፈለግ ይሻላል። የወደደቻቸውንም የበደሏትንም በየቀኑ በስማቸው እየጠራች ኖራለችና፣ የጸለየችላቸውን ሰዎች የተከተለ ሕይወቷን ያገኛል።

ይህን ቤተሰቡ ካልሠራው ሌላ ማንም አይሠራውም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ አንድ አይሞሉም። ለብዙ ጎረቤት የአያቶቻችን ሃይማኖት "የሚሲዮን" ተብሎ ብቻ የሚታወቅ ነው።

መጀመሪያ፦ ዕቃዋ ሳይበተን

ሐዘንተኛ ሲበተን ዕቃም ይበተናል። ነጠላዋን አንዷ ልጅ፣ የጸሎት መጽሐፏን ሌላዋ ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ በፊት የምትጸልይበትን ጥግ እንዳለ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ መስቀሉን፣ የእመቤታችንን ሥዕል፣ ሥሩ የተቀመጡትን ፎቶዎች ሁሉ። ምንም አታስተካክሉ።

ከዚያ የጸሎት መጽሐፏን ገጽ በገጽ ግለጡ። የሙታን መታሰቢያ ካርድ፣ የመጀመሪያ ቁርባን ሥዕል፣ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱን ከገጹ ጋር አብራችሁ አንሡት፤ በየትኛው ጸሎት መካከል እንዳስቀመጠችው ለምን እንዳስቀመጠችው ይናገራልና። ለሕሙማን የሚጸለየው ጸሎት ላይ የተገኘ የልጅ ፎቶ፣ ቤተሰቡ የረሳው አንድ ክፉ ክረምት ሊኖረው ይችላል።

መጽሐፉ የታተመበት ዓመት ከጠፋ የመቁጠሪያውን ክፍል ተመልከቱ። መቁጠሪያ ሲደገም ከክርስቶስና ከእመቤታችን ሕይወት የሚታሰቡት ክፍሎች ምሥጢራት ይባላሉ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የብርሃን ምሥጢራትን የጨመሩት በጥቅምት 1995 ዓ.ም. ነው። የደስታ፣ የሐዘንና የክብር ምሥጢራት ብቻ ካሉበት መጽሐፉ ምናልባት ከዚያ በፊት የታተመ ነው። አያታችሁ እስከ መጨረሻው ሐሙስን በደስታ ምሥጢራት ትደግም ከነበረም የቀድሞውን ሥርዓት ይዛ ነው የኖረችው፤ ሐሙስ የብርሃን የሆነው በኋላ ነው።

ከዚያ፦ የሚያውቋትን መጠየቅ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። "ምን ዓይነት ሰው ነበረች?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ "ደግ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር" ነው፣ ከዚያ በኋላ ዝም። እንዲህ ጠይቁ፦ "እትዬ፣ አያቴ መቁጠሪያ ስትደግም ስማቸውን የምታነሣው የእነማንን ነበር?" "ቅዳሴ ያስቀደሰችው ለማን ለማን ነው?" "የትኛውን በዓል ነበር ሥራ አቁማ የምታከብረው? ከመቼ ጀምሮ?" የበዓሉ መነሻ ብዙ ጊዜ ስለት ነው፣ ከስለቱ ጀርባ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ።

መቁጠሪያ አንድ ጊዜ ሲደገም አምስት ምሥጢር አለው፤ በየምሥጢሩ አሥር ጊዜ "ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ" ይባላል። ብዙ እናቶች እያንዳንዱን ምሥጢር ለአንድ ሰው ይሰጣሉ። አያቴ አንደኛውን በጨቅላነቱ ለሞተ ልጇ፣ ሁለተኛውን በስደት ላሉት ትሰጥ ነበር። ሦስተኛው በመሬት ጉዳይ ቤተሰባችንን ለዓመታት ፍርድ ቤት ላመላለሰ ሰው መሆኑን የነገሩኝ ከጎኗ የሚቀመጡት እናት ናቸው፤ ከእኛ ከልጅ ልጆቿ አንዳችንም አናውቅም ነበር። ስለ ይቅር ባይነቷ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንትና ሙስሊም የእድር ጓደኞቿን አትዝለሉ፤ በጾሟና በበዓሏ ምን ታደርግ እንደነበር ከውጭ ሆነው ያዩት እነሱ ናቸው። ደናግሉን (ሲስተሮቹን)፣ የመዘምራኑንና የማኅበር ጓደኞቿን ጠይቁ። ካህኑንም በቁምስናው (በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኗ) ስለ ሠራችው ሥራ መጠየቅ ይቻላል፤ በኑዛዜ የተነገረውን ግን በጭራሽ፣ በጎ ነገር እንኳ ቢሆን። ቡና ይፈላ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱ፣ አትቸኩሉ። ከአቦል ይልቅ ቶና ላይ የሚወጣው ወሬ ይበልጣል።

የቁምስናው መዝገብ

የልደት የምስክር ወረቀት ለሌላት አያት የጥምቀት መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው። የካቶሊክ ቁምስናዎች የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለባቸው። በጥምቀት መዝገቡ ላይ ጋብቻዋም መመዝገብ ስላለበት፣ ሌላ ቦታ ብታገባም ፍንጩ እዚያ ይገኛል። የክርስትና እናቷንም ስም ታገኛላችሁ። ቆሞሱን (የቁምስናውን አስተዳዳሪ ካህን) በትሕትና ጠይቁ፣ መዝገቡ የሌሎች ሰዎችም ምሥጢር ነውና የራሳችሁን መስመር ብቻ ለማየት ሂዱ።

ፍለጋው የሚሳሳተው በስም ነው። ቤት ውስጥ በአንድ ስም ትጠራ የነበረች ሴት መዝገቡ ላይ ፊሎሜና፣ ተሬዛ ወይም ሉቺያ ልትሆን ትችላለች፤ የአባቷንም ስም ሚሲዮናዊው ጆሮው እንደሰማው በላቲን ፊደል ጽፎት ይሆናል። የቦታውም አስተዳደር ተቀያይሯል። ለምሳሌ የእምድብር ሀገረ ስብከት የተቋቋመው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የጉራጌ ቁምስናዎች በአዲስ አበባ መንበር ሥር ነበሩ።

ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ከጥር እስከ ጳጉሜን ላለው 8፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው 7 ቀንሱ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ቀኑን አጣሩ። መጋቢት 1938 የተባለው 1930 ዓ.ም. ነው። መዝገብ ከሌለ "ጣሊያን ሲገባ ትድህ ነበር" የሚለውን ቃል አትናቁት፤ ከ1928 ዓ.ም. ጋር ብታያይዙት ዕድሜዋ ይቀርባል። "ገደማ" የምትለውን ቃል ግን አትርሱ።

ሲጻፍ

በልደቷ አትጀምሩ፣ በየቀኑ ታደርገው በነበረ ነገር ጀምሩ። የተጣላችባቸውን፣ የተጠራጠረችባቸውን፣ ያለቀሰችባቸውን ዓመታት አስገቡ። ቅድስት ነበረች ብላችሁ አትደምድሙ፤ ያን ማወጅ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፣ እኛም ለሙታን የምንጸልየው ጸሎት ያስፈልጋቸዋል ብለን ስለምናምን ነው። እሷም ይህን አጥብቃ ታምን ነበር፤ በጽሑፋችሁ እምነቷን አትንፈጓት።

ጮክ ተብሎ የሚነበበው ከአራት ደቂቃ አይለፍ፤ ሙሉው ለቤተሰብ ይታተም። የት እንደሚነበብ አስቀድማችሁ ከካህኑ ጋር ተስማሙ፤ ስብከቱ ለቃለ እግዚአብሔር የተለየ ነው፣ የሕይወት ታሪክ ማንበቢያ አይደለም።

መታሰቢያው

አርባዋና ሙት ዓመቷ ሲደርስ ቅዳሴውን ቀደም ብላችሁ በቁምስናው ቢሮ አስመዝግቡ። አያታችሁ በላቲን ሥርዓት ከነበረች የሙታን ሁሉ መታሰቢያ በፈረንጆች ኅዳር 2 ቀን ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 23 ይውላል። በግዕዝ ሥርዓት ከሆነ ቀኑን ቆሞሱ ይነግሯችኋል።

ዋናው ግን የሰበሰባችሁት የስም ዝርዝር ነው። በአርባው ዕለት ስሞቹን ለልጅ ልጆቿ አከፋፍሉ፤ አንዱ ስሙን የማያውቀውን ዘመድ፣ አንዱ የፍርድ ቤቱን ሰው ይውሰድ። ዓረብ አገርና አሜሪካ ያሉትም ድርሻቸው በስልክ ይነገራቸው፤ በሳምንት አንድ ማታ፣ ሰዓቱ ለሁሉም የሚመች ሲሆን፣ መቁጠሪያውን በስልክ አብሮ መድገም ይቻላል። የተቀዳውን ድምፅ፣ ፎቶዎቹንና የታተመውን ጽሑፍ ቢያንስ በሦስት ቤት አስቀምጡ፤ ቆሞሱ ከፈቀዱ አንድ ቅጂ በቁምስናው ይቀመጥ፣ የክርስትና ስሟም ከሽፋኑ ላይ ይጻፍበት።