የአከርካሪ ነርቭ ማነቃቂያ ሊድ (ኤሌክትሪክ ወደ ነርቩ የሚያደርሰው ሽቦ) ሲቀየር ክሌሙ (ለመድን የሚላከው የክፍያ ጥያቄ) እንዴት ይሠራል?

ኮድ ከመምረጥዎ በፊት የቀዶ ሕክምና ማስታወሻውን ያንብቡ፤ የቀጠሮው ወረቀት «ሊድ ቅየራ» ማለቱ አይበቃም። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ሊዱ በመርፌ የገባ ቀጭን ሽቦ ነው ወይስ አጥንት ተከፍቶ የተቀመጠ ፓድል (ጠፍጣፋ ሊድ)? በቦታው ሌላ ገባ ወይስ ወጥቶ ቀረ? ጀነሬተሩስ (ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው መሣሪያ) ተቀየረ?

በመርፌ የገባው ሊድ እዚያው የአከርካሪ ደረጃ ላይ በመሰሉ ከተተካ የአሜሪካው ሲፒቲ (የሕክምና ሥራ መለያ) ኮድ 63663 ነው፤ የፓድሉ 63664። ወጥቶ ከቀረ 63661፣ ፓድል ከሆነ 63662። ጀነሬተሩም ከተቀየረ 63685 ይጨመራል።

ብዙ ክሌም የሚበላሸው «አወጣ» ለሚለው 63661፣ «አስገባ» ለሚለው 63650 ተብሎ ሁለት መስመር ሲጻፍ ነው። 63663 ሁለቱንም ይዟል፤ አንዱን ሥራ ለሁለት መክፈል ውድቅ ያስደርጋል። ብዛቱም ያሳስታል። 63650 በእያንዳንዱ ሊድ ይቆጠራል፤ የ63663 መግለጫ ግን አንድም ብዙም ሊድ ስለሚያካትት ሁለት ቢቀየርም ዩኒቱ (በክሌሙ የሚጻፈው ብዛት) 1 ነው። ፍሎሮስኮፒውም (በቀዶው ጊዜ የሚታየው የራጅ ምስል) ውስጡ ስላለ ኮዱ 77003 አይጨመርም። ለሙከራ ገብቶ ከውጭ ጀነሬተር ጋር የተያያዘ ሊድ ሲወጣ ወይም ሲቀየር ግን 63661ም ሆነ 63663 አይጻፍም።

የምርመራ ኮዱ (ችግሩን የሚገልጸው) ሊዱ የተቀየረበትን ምክንያት ይናገር። ሐኪሙ «የሊዱ ጫፍ ከ8ኛው ወደ 10ኛው የደረት አከርካሪ ወርዷል» ካለ መንሸራተት ነው፦ ቲ85.122ኤ። ከተሰበረ ቲ85.112ኤ፣ ኢንፌክሽን ከያዘው ቲ85.733ኤ። መጨረሻ ላይ ያለው «ኤ» ሕክምናው በመካሄድ ላይ መሆኑን እንጂ የመጀመሪያ ጉብኝትን አያሳይም፤ ሊዱ ከገባ ዓመታት ቢያልፉም «ኤ» ነው። ማስታወሻው «አይሠራም» ብቻ ካለ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ መገመት የኮደር ሥራ አይደለም።

ቀኑንም ይቁጠሩ። በመርፌ የገባ ሊድ የክትትል ጊዜው (በቀዶው ክፍያ ውስጥ የተጠቃለለው) 10 ቀን፣ የፓድሉ 90 ቀን ነው። በዚህ ውስጥ ሳይታቀድ በችግር ምክንያት ወደ ቀዶ ክፍል ከተመለሰ ሞዲፋየር (ከኮዱ ጋር የሚጻፍ ተጨማሪ ምልክት) 78 ያስፈልጋል።

የሆስፒታሉ ተመላላሽ ክሌም ደግሞ ለሊዱ የመሣሪያ ኮድ ሲ1778 ይጽፋል። በዋስትና ወይም በሪኮል (አምራቹ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሲሰበስብ) ምክንያት አምራቹ ከሊዱ ዋጋ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከመለሰ፣ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) የተመለሰውን ገንዘብ በቫልዩ ኮድ (የገንዘብ መጠን መጻፊያ) ኤፍዲ፣ ምክንያቱን በኮንዲሽን ኮድ (የሁኔታ መግለጫ) 49 ወይም ለሪኮል በ50 ይፈልጋል። ይህ መረጃ ብዙ ጊዜ ግዢ ክፍል ጋ ስለሚቀር ክሌሙን ከመላክዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።