የኦሮሚያ ክልል ፀረ ሙስና ኮሚሽን በምን ብር ይሠራል? በጀቱን ከጅማ ሆኖ እንዴት ማየት እንደሚቻል

ጅማ ውስጥ ስለ ሙስና የማያወራ ሰው የለም። መሬት፣ ንግድ ፈቃድ፣ ጨረታ፣ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሁሉ የሚያወራው አንድ ታሪክ አያጣም። ከዚያ "ፀረ ሙስናዎቹ ምን ይሠራሉ?" ይባላል። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ ባይ ነኝ፤ የሚሠሩበት ብር ስንት ነው? ለምን ለምንስ ነው የተያዘው? ይህን ለማወቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ትዕግስትና አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

መጀመሪያ ሁለቱን ኮሚሽኖች ለዩ። የፌዴራሉ በ1993 በአዋጅ ቁጥር 235 የተቋቋመው ነው፣ በጀቱን የሚያፀድቀውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የኦሮሚያ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ግን ሌላ ነው፤ የእሱን ገንዘብ የሚያፀድቀው የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ ነው። ፌስቡክ ላይ የሚዞረው የበጀት ቁጥር የትኛው ኮሚሽን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዛችሁ ክርክር አትግጠሙ።

ጊዜውንም ምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ጨፌውም አብዛኛውን ጊዜ በጀት የሚያፀድቀው ሐምሌ ላይ ነው። መስከረም ወይም ጥቅምት ጥሩ ነው። ሰኔ ላይ አትሂዱ፤ ሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም።

አሁን ደብዳቤው። የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ሁለቱንም በአንድ መስመር ጥቀሱ፣ በቃ። ቁምነገሩ መዝገብ ቤት ላይ ነው። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ግቡ። አንዱን ይቀበሏችኋል፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ካላስደረጋችሁ ከበሩ አትውጡ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት በቃል ጠይቄ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባልኩ ስመላለስ ከረምኩ። በኋላ አቤት ልበል ብዬ ብነሳ፣ መጠየቄን የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ አልነበረኝም። ማኅተም ያለው ኮፒ ከያዛችሁ ግን ሠላሳው ቀን ሲያልፍ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ትችላላችሁ።

"በጀታችሁን ስጡኝ" ብላችሁ አትጻፉ። እንዲያ ከሆነ አንድ ድምር ቁጥር ተጽፎ ይላክላችኋል። የሦስት ዓመት ይሁን፣ በሒሳብ መደብ (በወጪ ዓይነት) ተከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱም ሦስት ቁጥር ይኑረው፤ የፀደቀው፣ የተስተካከለው፣ ሥራ ላይ የዋለው። ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ ስለሚመጣ ቋንቋውን የማያነብ ሰው ከሚያነብ ጓደኛው ጋር ይቀመጥ።

ሰው የሚሳሳተው ወረቀቱ እጁ ከገባ በኋላ ነው። ትልቁን ድምር ያይና ወይ ይደነቃል ወይ ይናደዳል። ድምሩን ለጊዜው ተዉት። በሒሳብ መደብ ቁጥር 6100 የሚጀምረውን ፈልጉ፣ ደመወዝና ሌላ የሠራተኛ ክፍያ ነው። 6200 የሥራ ማስኬጃው ነው፤ ነዳጅ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ጥገና እዚያ ውስጥ አሉ። 6231 ውሎ አበል ነው። 6300 መኪናና ኮምፒውተርን የመሳሰለ ቋሚ ዕቃ ነው። ለማሳያ ያህል ከ10 ሚሊዮን ብር ውስጥ 9 ሚሊዮኑ ደመወዝ ነው እንበል። የቀረው 1 ሚሊዮን ለዓመት ሙሉ ሥራ ነው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጥቆማ ለማጣራት ሁለት ባለሙያና አንድ ሾፌር ሲመጡ ነዳጅ አለ፣ የሦስት ሰው አበል አለ፣ አልጋ አለ፤ ዶሴው ደግሞ በአንድ ቀን አይገለበጥም። ባለሙያ ቀጥሮ የሚንቀሳቀስበትን መንፈግ ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ጥቆማ የሰጠው ሰውም መልስ ሲያጣ ሁለተኛ አይጠቁምም። ለእኔ ትልቁ ጉዳት ይኼ ነው።

የፀደቀውንና የተስተካከለውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሐምሌ ላይ ያማረ ቁጥር በዓመቱ መሐል በበጀት ዝውውር ተቀንሶ ሊገኝ ይችላል። ሥራ ላይ የዋለው ዝቅ ብሎ ካያችሁት ደግሞ "ብር ተርፏቸዋል" ለማለት አትቸኩሉ፤ ገንዘቡ ዘግይቶ ተለቅቆ ወይም የሥራ መደቡ ሰው ሳይቀጠርበት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ጠይቁ። ካለፈው ዓመት ጋር ስታወዳድሩም የነዳጅ ዋጋ ጭማሪን አትርሱ። ያው ብር ያንኑ መንገድ አያስኬድም። ለዚህ ሁሉ ኤክሴል ደስ ይላል፣ ግን ደብተርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍልም አትለፉት። የሠራተኛው ደመወዝና አበል ከየት በጀት እንደሚወጣ ጠይቁ። አበሉን የሚፈርምለትን አለቃ በነፃነት መከታተል ለማንም ከባድ ነው።

ያገኛችሁትን ከክልሉ ዋና ኦዲተር ሪፖርት ጋር አመሳክሩ። ከዚያ ከአካባቢያችሁ ለተመረጠው የጨፌ አባል በአንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ ስጡ፤ በጀቱ ከመፅደቁ በፊት፣ ግንቦት ሳያልቅ። ጥያቄው አንድ ይሁን፦ በሚቀጥለው ዓመት ከደመወዝ ውጪ ጥቆማ ለማጣራት ስንት ብር ይያዛል? መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ።