ለሚወለደው ልጅ ልብስ ስትገዙ ገንዘቡ የት ይውጣ?

ለአራስ ልጅ ልብስ መሸመት ደስ ይላል፤ ችግሩ በወር ውስጥ ያጥረዋል። ስለዚህ በትንሹ የልብስ ቁጥር ብዙ አትግዙ። ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የልብሱ ቁጥር የልጁን ቁመት በሴንቲ ሜትር ስለሚያሳይ፣ 56 የሚል ልብስ ሁለት ብቻ፣ የቀረውን 62 ያዙ። እጅጌው ቢተርፍ ይጠቀለላል።

ለአዲስ አበባ አየር 6 የጥጥ ካናቴራ፣ እግሩ ድፍን የሆነ 5 ቱታ፣ 4 ጥንድ ካልሲ፣ 2 ኮፍያ፣ 3 መጠቅለያና 1 ብርድ ልብስ ይበቃል። ክረምት ላይ የሚወለድ ከሆነ ሁለት ቱታ ጨምሩ፤ የታጠበው ቶሎ አይደርቅም። ያረጀ ነጠላ ካለ ደግሞ መጠቅለያ አትግዙ፤ ቆርጣችሁ ጠርዙን ቀምቅሙት።

ካናቴራው ከፊት የሚከፈት ይሁን። በጭንቅላት የሚጠልቅ ጠባብ ልብስ አንገቱ ላልጠና ልጅ ፈተና ነው። እትብቱ እስኪወድቅ (ከ1 እስከ 3 ሳምንት) ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪም ይፈትገዋል።

ሰልባጅ አትናቁ፤ በእጥበት የለሰለሰ ጥጥ ከአዲስ ናይለን ይሻላል። ቁልፉን ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑ፤ ከላላ አጥብቃችሁ ስፉት። አንገት ላይ ያለ ማሰሪያና ሪባን ይውጣ። ካልሲውን ገልብጣችሁ እዩት፦ የተንጠለጠለ ክር የልጁ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ስለሚችል ቁረጡት። ሁሉም ከመልበሱ በፊት ታጥቦ በደንብ ይለቅለቅ።

ኮፍያ ለውጭ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲተኛ አውልቁለት። ሙቀቱን በእጁ ሳይሆን በማጅራቱ እዩ፤ ካላበው አንድ ልብስ ቀንሱ።