አዳማ ላይ ማይነርን በቤት ሶላር ማሠራት

ማይነር ቢትኮይን ለማምረት ሌት ተቀን ስሌት የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። አንትማይነር ኤስ9 የሚባለው አንዱ ሞዴል ወደ 1,350 ዋት ይበላል። 24 ሰዓት ከሠራ በቀን 32 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሌሊቱን በባትሪ ላሻግር ካላችሁ የባትሪው ዋጋ ገቢውን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ አሠሩት።

ለዚህ ባለ 550 ዋት ፓነል 5፣ የሶላር ቻርጀር ያለው ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የባትሪና የፓነልን ዲሲ ወደ ቤት መብራት ኤሲ የሚቀይር) እና አንድ ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ይበቃል። የባትሪው ሥራ ደመና ሲያልፍ ማይነሩን እንዳይጠፋ መያዝ ነው፤ ደጋግሞ የሚግልና የሚቀዘቅዝ ሃሽ ቦርድ (ስሌቱን የሚሠሩት ቺፖች የተበየዱበት ሰሌዳ) ብየዳው ይሰነጠቃል። ኢንቨርተሩ የግድ ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መብራት ኃይል ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) ይሁን፤ ሞገዱ የተቆራረጠው ርካሽ ዓይነት የማይነሩን ፓወር ሰፕላይ ሊጎዳ ይችላል። ባትሪው ወደ 49 ቮልት ሲወርድ ኢንቨርተሩ እንዲቆርጥ አስተካክሉት።

ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር 25 ካሬ ሚሊሜትር አጭር ገመድ፣ መሃሉ ላይ 80 አምፒር የዲሲ ብሬከር (ኃይል ሲበዛ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) አድርጉ። መጋጠሚያው ጋ የገመዱ ልባስ ከጠቆረ ብሎኑ ላልቷል፤ ብሬከሩን አውርዳችሁ አጥብቁት።

የአዳማ ዋና ጠላት አቧራና ሙቀት ነው። ፓነሉን በየሳምንቱ ማለዳ እጠቡ፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም። የማይነሩን ትኩስ አየር በመስኮት አስወጡ፣ ባትሪውን ግን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።