በእርግዝናሽ ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር ነበረብሽ? ልብሽን እንዲህ ተከታተዪ

ልጁ ተወለደ፣ ግፊቱ ወረደ፣ መድኃኒቱም ቆመ። ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ ሕፃኑ አዞረ፣ አንቺም ጭምር። ከዚያ አሥር አሥራ አምስት ዓመት ያልፍና አንድ ቀን ሐኪም ፊት ተቀምጠሽ «ከዚህ በፊት ሕመም ነበረብሽ?» ስትባዪ «ኧረ ምንም» ትያለሽ። የዛሬው ጉዳዬ ያቺ «ምንም» ናት።

ነበረብሻ! ፕሪኤክላምፕሲያ (ማለትም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት ከፍ ብሎ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲታይ ወይም ኩላሊት፣ ጉበትና ሌላ አካል ሲታወክ)፣ የእርግዝና ስኳር፣ ከ37 ሳምንት በፊት መውለድ፣ ከጊዜው አንጻር በጣም ትንሽ ልጅ መውለድ፣ የእንግዴ ልጅ ቀድሞ መላቀቅ፣ እነዚህ ሁሉ የማህፀን ሐኪም ጉዳይ ብቻ ሆነው አልቀሩም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ለሴቶች ባወጣው መመሪያ የእርግዝና ግፊትንና የእርግዝና ስኳርን ለልብ ሕመም ከሚያጋልጡ ነገሮች ተርታ፣ ከሲጋራና ከኮሌስትሮል ጋር አንድ ላይ ደርድሯቸዋል። በ2021 ደግሞ የቀሩትንም ጨምሮ ሰፋ አድርጎ ጻፈባቸው። ችግሩ ወሬው ከወሊድ ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላው ሐኪም ክፍል አለመድረሱ ነው። አድራሿ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደነበረብሽ በትክክል እወቂ። «ግፊቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር» አይበቃም። ከወለድሽበት ቦታ የሕክምና ማስረጃሽን ጠይቂ። በስንተኛው ሳምንት ጀመረ? ግፊትሽ እስከ ስንት ወጥቶ ነበር? ሽንትሽ ላይ ፕሮቲን ታይቷል? እንዳያንቀጠቅጥሽ ተብሎ ማግኒዚየም ተሰጥቶሻል? በስንተኛው ሳምንት ወለድሽ፣ ልጁስ ስንት ኪሎ ነበር? ሳምንቱን የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሪኤክላምፕሲያው ከ34ኛው ሳምንት በፊት ከመጣ፣ ወይም በሁለተኛው እርግዝናም ከተደገመ፣ በኋላ ለልብ ሕመም የመጋለጡ ዕድል ከፍ ይላል። ማስረጃው ከጠፋ የምታስታውሺውን ጻፊ፣ አብራሽ የነበረችውን ሴት ጠይቂ። አንድ ገጽ ይበቃል። ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ውስጥ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የሚመለከቱ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰባሰበ ትንታኔ አለ። ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባቸው ሴቶች፣ ካልነበረባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በኋላ ቋሚ የደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ለልብ የደም ሥር ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ፣ ለስትሮክም ወደዚያው የተጠጋ ነው። «ሁለት እጥፍ» ሲባል ግን ቶሎ አትደንግጪ። የሠላሳ ዓመት ሴት የልብ ሕመም የመያዝ ዕድሏ መጀመሪያውኑ ትንሽ ስለሆነ የትንሽ እጥፍ ትንሽ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ነው ያ እጥፍ ክብደት የሚያገኘው። እስከዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ አለሽ፣ ጊዜ ሳለሽ ማወቅሽ ነው ጥቅሙ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሁለት አስተሳሰብ አለ። አንደኛው እርግዝና ለልብ ፈተና ነው ይላል። ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፣ የደሙ መጠንም ወደ ግማሽ በሚጠጋ ይበዛል፣ ስለዚህ ተደብቆ የነበረ ድክመት ያኔ ይገለጣል። ሌላው ደግሞ ሕመሙ ራሱ ጉዳት ትቶ ያልፋል ባይ ነው። ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄዱት የደም ሥሮች እንደሚገባው ሳይሰፉ ሲቀሩ እንግዴ ልጁ የእናትየውን የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን የሚያውኩ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል፣ ያ መታወክ ደግሞ ከወሊድ ጋር አብሮ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። እኔን ብትጠይቂኝ ሁለቱም እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ለአንቺ ግን የሚደረገው አንድ ነው። አንድ ነገር ያዢልኝ፦ ይሄ የመጣው «ጨው ስለበላሽ» ወይም «ስለተጨነቅሽ» አይደለም። ይህን የሚልሽ ዘመድ አይጠፋም፣ በአንዱ ጆሮ ሰምተሽ በሌላው አውጪው።

ገና ከወለድሽ ሳምንታት ብቻ ከሆነሽ ይቺን ክፍል ቀስ ብለሽ አንብቢ። ግፊት ከወሊድ በኋላ ወዲያው ወርዶ ላይቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው ከፍ የሚለው፣ ልክ ቤት ገብተሽ እንግዳ በምትቀበዪበት ሰዓት። በጣም ከፍ ብሎ ከነበረ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነም በሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ መለካት አለበት። ቁጥሩ 160 በ110 ከደረሰ፣ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ሕመም ካለ፣ ነገ አትበዪ። አሁኑኑ ሂጂ። እዚያ ስትደርሺም ከሁሉ በፊት «ከወለድኩ ይሄን ያህል ቀን ሆኖኛል» በዪ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር የምትታይበትን መንገድ ትለውጣለች።

ሌላም አለ፣ እምብዛም የማያጋጥም ግን የሚሸወዱበት። በእርግዝናው የመጨረሻ ወር ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት አምስት ወራት የልብ ጡንቻ ሊደክም ይችላል። ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት ሴት ደግሞ ይበልጥ ትጋለጣለች። ተንኮሉ ምልክቶቹ ከአራስነት ድካም ጋር መመሳሰላቸው ነው። ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ እግር ማበጥ፤ ማን አራስ ነው ያልደከመው? ልዩነቱን እንዲህ ለዪ፦ ጋደም ስትዪ ትንፋሽሽ ካጠረ፣ ለመተኛት ትራስ ላይ ትራስ መደረብ ከጀመርሽ፣ ሌሊት አፍኖሽ ከተነሳሽ፣ ደረቅ ሳል ከያዘሽ፣ እብጠቱ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ይሄ የእንቅልፍ ማጣት አይደለም። የልብ አልትራሳውንድ ይሠራልኝ ብለሽ ጠይቂ። «አራስ ስለሆንሽ ነው» ብለው ቢመልሱሽ «ልቤ ታይቶ ነው ወይስ ተገምቶ?» በያቸው። ነገረኛ ብትባዪ ምን ቸገረሽ።

ቤት ውስጥ ለመለካት ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ይሻላል። ክንድሽ ወፍራም ከሆነ ሰፊውን ማሰሪያ ግዢ፣ ጠባቡ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ያደርገዋል። ሽንትሽን ሽኚ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡና አትጠጪ፣ ጀርባሽን አስደግፈሽ እግርሽን ሳታነባብሪ አምስት ደቂቃ ተቀመጪ፣ ክንድሽ በልብሽ ትክክል ይሁን፣ አታውሪ። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለክተሽ ከነቀኑ ጻፊው። ልጅ አዝሎ፣ ስልክ እያወሩ የተለካ ግፊት ግፊት አይባልም።

ከዚያ ወዲያ ክትትሉ ቀላል ነው። ግፊት ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ኮሌስትሮልም አብሮ ይታይ። የእርግዝና ስኳር ከነበረብሽ፣ ከወለድሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስኳር ተጠጥቶ የሚሠራውን ምርመራ አድርጊ፣ ከዚያ በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ ድገሚው። ይሄን ምርመራ ብዙ ሴት ትዘለዋለች፣ ሕፃን ይዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ስለሚያስመርር ይገባኛል፤ ግን አትዝለዪው። እንቅስቃሴ በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ጨው መቀነስ፣ ሲጋራ ማቆም፣ ይሄን ታውቂዋለሽ። ማጥባትም ከቻልሽ መልካም ነው፣ ያጠቡ ሴቶች በኋላ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ታይቷል። ካልቻልሽ ግን በዚህ ራስሽን አትውቀሺ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ስትመርጪ ደግሞ ግፊት እንደነበረብሽ ተናገሪ፣ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ሌላ ልጅ ካሰብሽ ከመጸነስሽ በፊት ሐኪም አማክሪ። ለግፊት የምትወስጃቸው አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ኢናላፕሪል፣ ለጽንሱ ጎጂ ስለሆኑ መቀየር አለባቸው። አነስተኛ አስፕሪንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በታተመ ጥናት 1,776 ለፕሪኤክላምፕሲያ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች በሁለት ተከፍለው፣ ማታ ማታ 150 ሚሊግራም አስፕሪን ከወሰዱት መካከል ከ37 ሳምንት በፊት ፕሪኤክላምፕሲያ የያዛቸው 1.6 በመቶ ሲሆኑ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 4.3 በመቶ ነበሩ። የሚጀመረው ከ12 እስከ 16 ሳምንት አካባቢ ነው፣ መጠኑንና ጊዜውን ግን ሐኪም ይወስን። ከጎረቤት ተቀብለሽ እንዳትጀምሪ።

ልጆችሽ አድገው ከሆነም አልረፈደም። ለማንኛውም ምርመራ ስትሄጂ፣ ለጥርስም ይሁን ለጉልበት፣ ታሪክሽን ሲጠይቁሽ እንዲህ በዪ፦ «የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ በ33ኛው ሳምንት ፕሪኤክላምፕሲያ ነበረብኝ፣ ግፊቴ 170 በ110 ደርሶ ነበር፤ ካርዴ ላይ ይጻፍልኝ።» ቁጥሮቹን በራስሽ ተኪያቸው። እናትሽንም ጠይቂያት፣ እሷም «ምንም» ትልሽ ይሆናል፤ «አንቺን ስወልድ እግሬ አብጦ፣ ዓይኔ ጨልሞብኝ ነበር» እስክትልሽ ድረስ ግን ጠይቂያት።