ደቅ ደሴትንና ናርጋ ሥላሴን ለመጎብኘት

ከባሕር ዳር ተነሥተው የጣናን ደሴቶች ለማየት የሚያስቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አራት አምስት ገዳም ለማዳረስ ያቅዳሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ቀኑን ለደቅ ብቻ መስጠት ይሻላል። ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊው ከመሆኑም በላይ አርሰውና ዓሣ አጥምደው የሚኖሩ ሰዎች መንደር ስለሆነ፣ ቅርሱን ከባለቤቶቹ ኑሮ ጋር አብሮ ማየት ይቻላል።

ጀልባ ከዋዜማው መያዝ አለበት። ሲዋዋሉ ነዳጁና የመጠበቂያው ሰዓት በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪም ላይፍ ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ፈጥኖ ይበረታል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳያልፍ መነሣት፣ ከደሴቱም ቀትር ላይ መመለስ ይመረጣል።

በደቅ ላይ የሚገኘው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ወንዶችም ሴቶችም ይገቡበታል። ጫማዎን በር ላይ አውልቀው፣ ነጠላ ለብሰው ይግቡ። የመቅደሱን ግድግዳ የሞሉትን ሥዕሎች በጥድፊያ አይለፏቸው፤ እቴጌዪቱ ራሳቸው በእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ስለሚታዩ፣ አስጎብኚውን አባት ያሳዩኝ ብለው ይጠይቁ። ፎቶ ለማንሣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የካሜራ ብርሃን ቀለሙን ስለሚጎዳ ቢፈቀድም እንኳ አይጠቀሙበት።

የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አጽም ያረፈበት የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው አጠገብ ባለ ሌላ ደሴት ላይ ነው፤ ሆኖም ሴቶች ስለማይገቡበት፣ ሴትና ወንድ ተቀላቅላችሁ ከሄዳችሁ ማን የት እንደሚቆይ ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። በጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ሰዓታት መጠበቅ አሰልቺ ነው።

በባሕሩ ዳር ቀጥ ብለው የቆሙ ታንኳዎችን ካዩ ለማየት እንዲያምሩ የተደረደሩ አይደሉም፤ የተሠሩበት ደንገል ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ባለቤቶቻቸው ፀሐይ ላይ እያደረቋቸው ነው። ሳያስፈቅዱ አይንኳቸው፣ ባለቤቱንም ሳይጠይቁ ፎቶ አያንሡ።

ምግብ ቤት አገኛለሁ ብለው ስለማይሄዱ ስንቅና የሚጠጣ ውኃ ይያዙ፤ በጾም ቀን ከሆነም በገዳሙ አካባቢ የፍስክ ምግብ አይፍቱ። የመግቢያውን ክፍያ በጥሬ ገንዘብ፣ በተቻለ መጠን በዝርዝር ብር ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ።